እሳት የሚጫርበት ደጅ

በአገራችን ደጋ፣ ክብሪት በየቤቱ ባልገባበት ዘመን፣ ሌሊቱን በአመድ ያዳፈነችው ፍም ጠፍቶባት ያደረች ባልቴት ማልዳ ተነሥታ፣ ገል ወይም ደረቅ ኩበት ይዛ ከጎረቤቷ ደጅ በመቆም «እሳት ልጫር» ያለች እንደ ሆነ፣ የየትኛው አጥቢያ ሰው ነሽ፣ ለምንስ በደንብ አላዳፈንሽውም ተብላ አትመረመርም ነበር። እሳት ከሌላው ሀብት ሁሉ የሚለይበት ጠባይ አለውና፤ እህል ቢያካፍሉት ይጎድላል፣ ሸማ ቢቀዱት ያጥራል፣ ፍም ግን በሰጪው ምድጃ ላይ እንደ ነበረ ሆኖ በተቀባዩ ምድጃ ላይ ሌላ ፍም ይሆናል። በደጋው ሰው ዘንድ እሳት መከልከል ከንፉግነት አልፎ ነውር ሆኖ የሚቆጠረው ስለዚህ ይመስለኛል።

ይህ የልጅነት ትዝታ የተመለሰብኝ በ2022 መጨረሻ፣ በለንደን ከተማ፣ በአንዲት አረጋዊት የአገሬ ሴት ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እማማ ከካፖርታቸው በላይ ጋቢ ደርበው፣ ከጋቢው በላይ ነጠላ አጣፍተው፣ እጃቸውን በብብታቸው ውስጥ አድርገው ተቀምጠዋል፤ በመስኮቱ ጥግ ያለው ግድግዳ ወርዝቶ ሻጋታው እንደ ጥቁር ሽበት ወጥቶበታል፤ ከደረጃው ሥር ደግሞ የመብራት ቆጣሪው ቀይ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል። ቆጣሪው ሰዎች «ቶፕ አፕ» የሚሉት ዓይነት ነው፤ በፕላስቲክ ቁልፍ ከሱቅ ገንዘብ ተሞልቶ ሲገባበት ይሠራል፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ይጠፋል፤ አንድ አምፖል ሳይበራበት በዋለ ቀን እንኳ የዕለት ክፍያውን ከመቁጠር አይቦዝንም፤ ዕዳ ያለበት ሰው ሲሆን ደግሞ አሥር ፓውንድ በሞላ ቁጥር ከፊሉን ለአሮጌው ዕዳ ይቆርጥበታል። ማሞቂያው አልበራም። ነገር ግን እንግዳ መጥቷልና እማማ ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጣዱ፤ ልከለክላቸው ብሞክር «ልጄ፣ ቡና ሳላጠጣህ ብሰድህ እኔ ምን ሰው እባላለሁ?» አሉኝ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ በቆጣሪው መስኮት ላይ ያለው ቁጥር ከ1 ፓውንድ ከ20 ፔንስ ተነሥቶ ወደ 1 ፓውንድ ከ5 ሲወርድ አየሁ፤ ስኒውንም ተቀብዬ ጠጣሁ።

የሰራፕታዋ መበለት በከተማዋ በር እንጨት ስትለቅም ነቢዩ ኤልያስ ያገኛት በእንዲህ ያለች ቀን ነበር፤ የቀራት ዱቄት አንድ እፍኝ፣ የቀራት ዘይት ጥቂት ሲሆን፣ ከዚያ ከመጨረሻው ለእንግዳው አስቀድማ ጋገረችለት። መምህራን ይህን ታሪክ ሲያስተምሩ ዱቄቱ ከማድጋው ስላለማለቁ አብዝተው ይናገራሉ፤ እኔን ግን ከተአምራቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የቦታው ስም ነው። ሰራፕታ የሲዶና ናት፤ መበለቲቱም ከእስራኤል ወገን አልነበረችም። ነቢዩ በረኃብ ዘመን የተላከው ከወሰን ማዶ፣ በሕግም በወገንም ምንም ዕዳ ወደሌለባት ሴት ነበር።

ከእማማ ቤት ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ በአንድ ደብር አብረዋቸው የሚሳለሙ ሌላ እናት ይኖራሉ። መንገዱ ሁለት መኪና እየተጠባበቀ የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ ሲሆን፣ የሁለት ወረዳዎች ወሰን በመካከሉ ያልፋል፤ ስለዚህ በወዲህ ያሉት የአንዱ ምክር ቤት፣ ወይም ሁላችን በተለምዶ እንደምንለው የአንዱ «ካውንስል» ነዋሪ፣ በወዲያ ያሉት የሌላው ናቸው። በዚያ ቀን ወደ አንደኛው ጽሕፈት ቤት ደውዬ ስለ ሁለቱም እናቶች ስጠይቅ፣ ስለ ማዶዋ የተሰጠኝ መልስ እርሳቸው የእኛ አይደሉም፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ የሚል ሆነ፤ ቁጥሩን ጽፌ ሳልጨርስም ስልኩ ተዘጋ። ያነጋገረኝ ሰው ባለጌ አልነበረም፤ የተናገረውም ሐሰት አልነበረም። ይሁን እንጂ እማማ ነገሩን ከፊቴ ላይ አንብበው «ማዶ ብርዱ ሌላ ነው እንዴ?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አብሮኝ ይኖራል። ባልንጀራዬ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ለጌታችን የቀረበው ከአንድ ሕግ ዐዋቂ ሰው አፍ ነው፤ የተመለሰለትም ለአንድ ሰው በሚሆን ምሳሌ ነው። ነገር ግን ዛሬ የነዳያንና የምስኪኖች ነገር በአብዛኛው የተጣለው በሹማምንትና በጽሕፈት ቤቶች ላይ ነውና፣ ልብ የሌለው፣ ዐይን የሌለው፣ በደንብና በማኅተም የሚንቀሳቀስ አካል ባልንጀራ ሊሆን ይችላልን? ሊሆን የሚችል ከሆነስ፣ ባልንጀራነቱ የሥልጣኑ ወሰን ከደረሰበት ላይ ያበቃልን?

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በሁለተኛው ምዕራፍ፣ የታረዘውንና የተራበውን ሰው የሚያስፈልገውን ሳይሰጥ እሳት እንዲሞቅና እንዲጠግብ ተመኝቶ በሰላም የሚያሰናብተውን ምእመን ይዘልፋል። ያ ሰው የተናገረው ቃል መልካም ቃል ነው፤ ስድብ የለበትም፤ ኃጢአቱ ያለው በማሰናበቱ ላይ ነው። በዚያን ዘመን ያሰናበተው አንድ ግለሰብ ነበር፤ በእኛ ዘመን ግን በአግባቡ የተደራጁ ሁለትና ሦስት መሥሪያ ቤቶች አንዱ ወደ ሌላው እያሰናበቱ፣ ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ሳይሳደብ፣ ድኻው በስልክ መስመሮች መካከል በብርድ ሊቀር ይችላል።

እንግሊዞች ይህን ጉዳይ ከጥንት ጀምረው ሲታገሉበት የኖሩ ሕዝብ ናቸው። በ1601 በንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ዘመን የወጣው የድሆች ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ድሆች እንዲረዳ፣ ለዚሁም ግብር እንዲሰበስብ አዘዘ፤ ይህም ምጽዋትን ከሰጪው ፈቃድ አውጥቶ በሕግ ዕዳ ያደረገ ታላቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን «የራሱን» የሚለው ቃል እሾህ ነበረበት። በ1662 የወጣው የመኖሪያ ሕግ ወደ አንድ አጥቢያ የገባ ድኻ ለአጥቢያው ሸክም ይሆናል ተብሎ ከተፈራ በ40 ቀን ውስጥ ወደ መጣበት እንዲመለስ ፈቀደ፤ ከዚያ ወዲህ አጥቢያዎች ይህ ድኻ የእናንተ እንጂ የእኛ አይደለም እያሉ በዳኞች ፊት ሲካሰሱ፣ የወለዱት ልጅ በመዝገባቸው ገብቶ ዕዳ እንዳይሆንባቸውም ነፍሰ ጡር ሴቶችን ከወሰናቸው ሲያባርሩ ኖሩ። ድኻውን ለመርዳት ከሚወጣው ገንዘብ ቀላል ያልሆነው ድኻው የማን እንደ ሆነ ለመከራከር ጠፋ። ምሕረት በወሰን ስትታጠር ወሰኑን ትጠብቃለች እንጂ ድኻውን አትጠብቅም።

ወሰን የተቀደሰ ጥቅም እንዳለውም መካድ አይገባም። በለንደን ምዕራብ ጠርዝ በምትገኘው በሃምፕተን፣ በ1811 የጋራ መስኩ በሕግ ሲከለል፣ ቀድሞ ከመስኩ ማገዶ ይለቅሙ ለነበሩት ድሆች አንድ ቁራጭ መሬት ተለይቶ ቀረ፤ ያ መሬት በ1988 ተሽጦ ታላቅ የገበያ አዳራሽ ሲሠራበት፣ ከሽያጩ የተገኘው ጥሪት እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ አካባቢ ያሉ ችግረኞችን በማሞቂያ ሒሳብ ይረዳል። አባቶች ለማገዶ የተዉት እርሻ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ሰው ሲያሞቅ ማየት ልብን ደስ ያሰኛል። ጥሪቱን የተከሉት ሰዎች የሚያውቁትን አጥቢያ ስለወደዱ ተከሉት፤ ሰው የማያውቀውን ቦታ እንዲህ አድርጎ አይወድም። ሆኖም እንዲህ ያለ መሬት ያልተተወለት አጥቢያ ድኻ ምን በድሎ ነው?

እንግዲህ አጥቢያዎች ይተባበሩ ቢባል ብቻውን ይበቃልን? የእንግሊዝ ታሪክ አይበቃም ይላል። በ1782 የወጣው ሕግ አጥቢያዎች በፈቃዳቸው እንዲተባበሩ መንገድ ከፈተ፤ በ1834 የወጣው አዲሱ የድሆች ሕግ ደግሞ ኅብረቱን በመላ አገሪቱ አጸና። ነገር ግን የተባበሩት አጥቢያዎች በኅብረት ገንዘባቸው የሠሩት ባልና ሚስትን፣ ወላጅንና ልጅን ለያይቶ የሚያኖር የሥራ ቤት ነበር፤ ሆን ተብሎም ድኻው ርዳታ ከመጠየቅ መከራውን እንዲመርጥ ተደርጎ የከፋ ነበር። ኅብረት በራሱ ጽድቅ አይደለም፤ በድኻው ላይም መተባበር ይቻላል። መጠየቅ የሚገባው የተባበሩት ምን ለማድረግ ነው የሚለው ነው።

በዛሬው ዘመን፣ ሰው ቤቱን ለማሞቅ የሚከፍለው አጥቶ የሚቸገርበትን ሁኔታ እንግሊዞች ለይተው ስም አውጥተውለታል፤ በአማርኛ የማሞቂያ ድህነት ብንለው ያስኬዳል። በ1991 ብሬንዳ ቦርድማን የተባለች የኦክስፎርድ ምሁር በዚሁ ርእስ ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ቤቱን በተገቢው ለማሞቅ ከገቢው ከአንድ አሥረኛ በላይ ማውጣት የሚያስፈልገው ቤተ ሰብ በዚህ ድህነት ውስጥ እንዳለ እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረበች፤ መንግሥትም መስፈርቱን ተቀበለ። በ2013 እንግሊዝ ይህን ለወጠች፤ በ2021 እንደገና ለወጠች። ዛሬ በእንግሊዝ ቤቱ ሙቀት በመቆጠብ ከ«ሲ» ደረጃ በታች ካልሆነ፣ ነዋሪው የቱንም ያህል ቢቸገር በዚህ ድህነት ውስጥ አይቆጠርም፤ በዌልስ ግን የአንድ አሥረኛው መስፈርት አሁንም ይሠራል። ስለዚህ አንዲት መበለት ከእንግሊዝ ወደ ዌልስ ብትሻገር፣ ብርዱ ሳይለወጥ ስሟ ሊለወጥ ይችላል። በምድር ላይ የተሠመረውን ወሰን እናየዋለን፤ በመስፈርት የተሠመረው ግን ረቂቅ ስለሆነ፣ ከውጭ የቀረው ሰው መቅረቱን እንኳ ላያውቅ ይችላል።

ነገሩ የሞትና የሕይወት ነገር መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። የዓለም የጤና ድርጅት ሰው የሚኖርበት ቤት ሙቀት ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይሆን ይመክራል። ሊቁ ማይክል ማርሞት የመሩት ቡድን በ2011 ባወጣው ጥናት፣ በክረምት ከሌላው ወቅት ተርፎ ከሚታየው ሞት አንድ አምስተኛ ያህሉን የቤት መቀዝቀዝ ያመጣው መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የጋዝና የመብራት ዋጋ ናረ፤ የዚህ ዋጋ ተቆጣጣሪ የሆነው መሥሪያ ቤት ለመካከለኛ ቤተ ሰብ ያስቀመጠው የዓመት ጣራ በ2021 ጥቅምት 1,277 ፓውንድ የነበረው በ2022 ሚያዝያ 1,971 ሆነ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምትም መንግሥት ድጎማ ጨምሮበት እንኳ ቤተ ሰቡ የሚከፍለው 2,500 ደረሰ። በዚያ ክረምት ምክር ቤቶች ቤተ መጻሕፍታቸውን፣ አብያተ ክርስቲያናት አዳራሾቻቸውን፣ መስጊዶችም ደጃቸውን ሰው ገብቶ እንዲሞቅ ከፈቱ። ይህን በበጎ አስበዋለሁ፤ ግን ሰው ሞቆ ማታ የሚመለሰው ወደዚያው ወደ ቀዝቃዛው ቤት ነው።

በኦሪት ዘጸአት በሃያ ሁለተኛው ምዕራፍ የተጻፈ አንድ ሕግ አለ፤ አበዳሪ የባልንጀራውን ልብስ በመያዣ የወሰደ እንደ ሆነ ፀሐይ ሳትገባ እንዲመልስለት ያዝዛል፤ ሌሊት የሚለብሰው ሌላ የለውምና። ሕጉ ዕዳውን አልሰረዘም፤ አበዳሪውንም ሌባ አላለውም፤ ያለው ይህን ብቻ ነው፤ ዕዳ ቢኖርም ሰው በሌሊት ሊበርደው አይገባም። ዕዳ ባለባቸው ሰዎች ቤት የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ በግድ እየተተከለ መሆኑ ተጋልጦ በየካቲት 2023 ተቆጣጣሪው ተከላውን ሲያስቆም፣ የተነሣው ክርክር በመሠረቱ ይኸው የሙሴ ክርክር ነበር። ሙሴ የሚያውቀው መያዣ ልብስ ነበር፤ በእኛ ዘመን ልብስ የሆነው ግድግዳውና የማሞቂያው ቦይለር ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ምሕረት በፊት ለፊት የሚደረግ፣ ልብ ለልብ የሚገናኝበት ሥራ ስለሆነ በመሥሪያ ቤት እጅ ሲገባ ይቀዘቅዛል፣ ምሕረት መሆኑም ይቀራል የሚሉ ብዙ ደጋግ ሰዎች አሉ። ከቃላቸው ውስጥ እውነት አለበት። ሆኖም እማማን ለምን ለደብሩ ሰዎች አልተናገሩም ብዬ ስጠይቃቸው «ገመናዬን ለሰው?» አሉኝ። በአገራቸው ሳሉ ለነዳያን ቂጣ ያድሉ የነበሩ ሴት ናቸው፤ አሁን ከሚያውቋቸው እጅ መቀበል ከብርዱ የበረታባቸው ነበር። ግራ እጅ ቀኝ የሚያደርገውን እንዳያውቅ የተሰጠንን ትምህርት ከግለሰብ ይልቅ ፊት የሌለው ጽሕፈት ቤት በቀላሉ ሊፈጽመው እንደሚችል የተረዳሁት በዚያን ጊዜ ነው። ለተቸገረው የሚገባው በመብት ሲደርሰው አንገቱን አይደፋም። ለጽሕፈት ቤት የጎደለው የጎረቤት ዐይን ነው፤ ለጎረቤት ደግሞ የጎደለው የጽሕፈት ቤት አቅም ነው።

የደጉ ሳምራዊ ምሳሌም በደንብ ሲነበብ ይህን የሚያጸና ነው። ሳምራዊው ቁስለኛውን በገዛ እጁ አከመው፤ ነገር ግን እስኪድን ከእርሱ ጋር አልተቀመጠም፤ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወስዶ ለባለ ቤቱ አስረከበው። የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን በአንድምታቸው ማደሪያውን ቤተ ክርስቲያን፣ ለባለ ቤቱ የከፈለውን ሁለት ዲናር ብሉይና ሐዲስ እያሉ ያመሠጥሩታል፤ እኔ ግን በዚህ ቦታ የምመለከተው የላይኛውን ንባብ ነው። ሳምራዊው ሰውየውን ለሌላ አሳልፎ ሰጠ። ካህኑና ሌዋዊውም አሳልፈው ነበር፤ እነርሱ ያሳለፉት ግን ራሳቸውን ነው። ሳምራዊው ሲያስረክብ አስቀድሞ ከፈለ፣ እንዲጠብቀው በቃሉ አደራ ሰጠ፣ ተመልሶም የጎደለውን ሊከፍል ቃል ገባ። ስለዚህ ማስተላለፍና ማሰናበት ከሩቅ ለሚያይ ሰው አንድ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው የሚያስረክበው ሰው ተመልሶ መጠየቁ ነው።

በለንደን በኢዝሊንግተን በ2010 ሻይን የሚባል የክረምት ጤና ጥምረት ሲቋቋም ሥራውን የመሠረተው በዚህ ዓይነት ማስተላለፍ ላይ ነበር። የተቸገረው ሰው የሚደውለው ወይም ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ወይም ሌላ ያየው ሰው የሚያስመዘግበው በአንድ በር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው የሚሄደው ጉዳዩ እንጂ ሰውየው አይደለም፤ አንደኛው የዕዳውን ነገር ያያል፣ አንደኛው የመስኮቱንና የበሩን ቀዳዳ ይደፍናል፣ አንደኛው ሳይጠይቅ የቀረበትን የመንግሥት ድጎማ ያስቆጥርለታል። ሥራው ፍሬ ሲያሳይ ወደ ሌሎች የለንደን ወረዳዎችም ሰፋ። እንዲሁም በኒውካስል በ1981 ተመሥርቶ ዛሬ ናሽናል ኤነርጂ አክሽን የሚባለው፣ የማሞቂያ ድህነትን የሚታገለው ድርጅት ሲወለድ በስሙ ውስጥ «አገር አቀፍ» የሚለው ቃል አልነበረም፤ በቦታው «ጉርብትና» የሚል ነበር። ድርጅቱ አገር ቢያካልልም የተነሣው ከጎረቤት ደጅ ነው።

በዚያው በኢዝሊንግተን በ2020 ሥራ የጀመረ አንድ ነገር አለ፤ አሳቤን ይዞ የሚቀር ስለሆነ አልዘለውም። በ1922 ከተዘጋው ከሲቲ ሮድ የምድር ባቡር ጣቢያ በአየር መውጫው በኩል የሚወጣውን ሙቅ አየር ታላቅ ማራገቢያ ይስበዋል፤ በዚያም ውኃ ይሞቃል፤ ውኃውም በቧንቧ ሄዶ ቀድሞ በ2012 ከተጀመረው መሥመር ጋር ከ1,350 የሚበልጡ ቤቶችን፣ ትምህርት ቤትና የስፖርት አዳራሾችን ያሞቃል። ሙቀቱ የተገኘው ባቡሮቹ ፍሬን ሲይዙ ከሚወጣውና ከተሳፋሪው ገላ ነው፤ ተሳፋሪውም ከሰሜን ከባርኔት ጀምሮ እስከ ደቡብ እስከ ሞርደን፣ ስንት ወረዳ አቋርጦ የሚሄድ ሕዝብ ነው። ምን ያህል ሰው ሳያውቀው ለማያውቃት ባልቴት እሳት አስጭሮ ያልፋል!

ወደ እማማ ቤት በሄድኩበት ቀን ማግሥት፣ ከመንገዱ ማዶ ላሉት እናት፣ ከእርሳቸው ጋር ሆኜ፣ ጥቂት ወረዳዎች ተባብረው ወዳቆሙት የምክር መስመር ደወልኩ። ያነሣችው ሴት አድራሻውን ስትሰማ ይህ የእኛ ክልል አይደለም አለች፤ ልቤ ወደቀ። ቀጥላ ግን «ስልኩን አይዝጉት፤ እኔም አብሬዎት እቆያለሁ» አለችኝና ወደሚመለከተው ወረዳ ደወለች። ሠላሳ ደቂቃ ያህል ሦስታችን፣ እኔ፣ እርሷና የማዶዋ እናት፣ የመጠበቂያውን ሙዚቃ አብረን ሰማን። ሰው ሲነሣ ጉዳዩን እርሷ ራሷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው፤ የእናቲቱ ሕመም ምን እንደ ሆነ፣ ቆጣሪው ላይ ስንት እንደ ቀረ፣ ቦይለሩ ከመቼ ጀምሮ እንደ ቆመ። ልትሰናበተን ስትል ሐሙስ ደውላ ምን እንደ ተደረገ እንደምትጠይቅ ነገረችን። የማዶዋ እናት እንግሊዝኛውን በሙሉ ስላልተከተሉት «ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሐሙስ ትደውላለች አልኳቸው፤ እርሳቸውም እንዲህ ያለ ተስፋ ብዙ ጊዜ ሰምተዋልና ዝም አሉ።

ሐሙስ ከቀትር በፊት ስልኩ ጮኸ።